ሦስት ሜትር ከአስር ላይ የቆመው ወንዝ

በወንዙ መሥሪያ ቤት ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «እትዬ ጠመኔ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ አርባ ዘጠኝ ሞልቷታል።

ያኔ ሥራዋ አጭር ነበር። ከከተማው ሽቅብ አርባ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ድልድይ አለ። በድልድዩ ምሰሶ ላይ ቁጥር የተቀባበት የብረት ዘንግ ቆሟል። ጋሽ ሜትር የሚባሉ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ዘንጉ ወርደው የውሃውን ከፍታ ያነባሉ፤ ከዚያ ይደውላሉ። እሷ የስልኩን እጀታ በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሰክታ፣ ገመዱን እስከ በሩ ጎትታ፣ ውጭ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ቁጥሩንና ሰዓቱን ትጽፋለች። ጋሽ ሜትር ተናግረው ሳይጨርሱ ጠመኔዋ ይጨርሳል።

ለታችኛው ሰፈር ሰው ከዚያ ቁጥር የሚበልጥ ወሬ አልነበረም። ድልድዩ ላይ የታየ ውሃ ከተማው የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ድልድዩ ላይ አራት ሜትር ከሞላ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ታችኛው ሰፈር ቤት ይገባል። እዚያ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ከፊደል እኩል ይማረዋል።

ሰሌዳው የማይበቃቸው ሰዎችም ነበሩ። መስኮቱን እያንኳኩ «እኔ ቤት መቼ ይደርሳል?» «የኔ ቤት ከፍ ያለ ነው፤ እኔንም ይመለከተኛል?» ይላሉ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ መዝገብ እያገላበጠ ለእያንዳንዱ መልስ ይሰጣል። በደህናው ቀን መስኮቱ ከሰሌዳው ይሻል ነበር። ጎርፉ በመጣበት ዓመት ግን ሦስት መቶ ሰው መስኮቱ ላይ ተደራረበ፤ መስታወቱ ረገፈ፤ ጸሐፊው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ለመጣው ሁሉ ቁጥሩን ያሳይ ነበር። እትዬ ጠመኔ የዚያን ቀን ያየችውን አልረሳችም።

ዘመኑ ሲለወጥ ሰሌዳው ወረደ፤ ድረ ገጽ መጣ። ኮምፒውተር የተማረችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ልጆቿ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተደባልቃ ነው። ከዚያ የሠራችው ገጽ ያው ሰሌዳው ነበር። ቁጥሩን ታስገባለች፣ ገጹ እንደ አንድ ፋይል ተጽፎ ያልቃል፣ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ የመጣው ሁሉ ያንኑ ፋይል ወስዶ ይሄዳል። ሰርቨሩ አያስብም፤ ያድላል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተሠራ።

ከዚያ ኢንጂነሩ ተቀጠረ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ፈጣን ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፣ የጆሮ ማዳመጫ ከአንገቱ አይወርድም። አልጠላችውም። ግን በመጣ በሦስተኛው ወር፣ ዳይሬክተሩ ባሉበት ስብሰባ ላይ እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና የእርስዎ ገጽ ፖስተር ነው።»

«ፖስተር ምን አደረገህ?»

«ምንም። ግን ሰው ገጹን ሲከፍት ሰርቨሩ የመጨረሻውን ቁጥር ቁጥሮቹ ሁሉ ከሚጠራቀሙበት ዳታቤዝ ጠይቆ፣ የሰውየውን ሰፈር ከፍታ አስልቶ፣ ለሱ ብቻ የሚሆን ገጽ እዚያው ጽፎ ቢሰጠው አይሻልም? ‹ውሃው እርስዎ በር የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው› ቢለው?»

«ለስንት ሰው?»

«ለመጣው ሁሉ።»

«አዘቦት ቀን ስንት ሰው ይመጣል?»

«ሁለት መቶ ቢሆን ነው።»

«ውሃ ሲመጣስ?»

«ለሱ እንዘጋጃለን።»

«ውሃ ሲመጣ ሰው ተራ አይዝም፣ ልጄ። ሁሉም ባንዴ ነው የሚመጣው። እኔ መስኮቱን አይቼዋለሁ።»

«የቱን መስኮት?»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። «ጀመረች ደግሞ» አለ አንዱ። ኢንጂነሩ አልሳቀም፤ ሌላ መከራከሪያ ይዞ ነበር።

«ባለፈው ክረምት ጥርስዎን ሊታከሙ የሄዱ ዕለት ገጹ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ ቆሟል። ፋይል ራሱን አያድስም። እርስዎን ነው የሚጠብቀው።»

እውነቱን ነበር። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ዳይሬክተሩ ወደ ኢንጂነሩ አጋደሉ፤ ነገሩ በዚያው ተወሰነ። የጋሽ ሜትር ስልክም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን በሞባይል መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱ ቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል፤ የማንም ጆሮ አያስፈልገውም። ለሷ የተተወላት አሮጌው ገጽ ብቻ ነበር፣ ለመጠባበቂያ።

እሷ ግን ያቺን «ሦስት ሰዓት ሙሉ» ዋጥ ማድረግ አልቻለችም። አንድ ሳምንት ተቀምጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሟ በየአምስት ደቂቃው ከዳታቤዙ የመጨረሻውን ቁጥር ወስዶ ፋይሉን እንደ አዲስ ይጽፋል፤ አናቱ ላይ በቀይ «የታደሰው» ብሎ ሰዓቱን ያኖራል። ከእንግዲህ ማንም ሰው ገጿን የቆየ አይለውም። ለኢንጂነሩ ስታሳየው «በስመ አብ፣ እትዬ፣ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው» አላት። ደስ አላት።

በሐምሌ አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ላይ ውሃው ሁለት ሜትር ከስልሳ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ከሰማንያ አምስት ሆነ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ሜትር ከአስር ገባ።

የእጅ ስልኳ ጮኸ። ታናሽ እህቷ ሚጡ ነበረች። ሚጡ ታችኛው ሰፈር፣ ከወንዙ ዳር ሦስተኛው ቤት ትኖራለች። ባሏ ለሥራ ሩቅ ከተማ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት እሷና የባሏ አባት ናቸው። ሽማግሌው ግንበኛ ነበሩ፤ መቶ ኪሎ የሚደፍኑ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ ሰው። ከአምስት ሳምንት በፊት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ብረት ገብቶላቸው ከአልጋ አልተነሱም።

«እታለም፣ አባባን ላውጣቸው ወይስ ልተዋቸው? የጋዝ አከፋፋዩ ፒክአፑን በሬ ላይ አቁሞልኛል። ሥራ አለው፣ ብዙ አይቆይልኝም።»

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?»

«ብረቱ ሳይያያዝ እንዳይነቃነቁ ነዋ! አንዴ ከተንሸራተተ ጉድ ፈላ ነው ያለኝ። እሳቸው ደግሞ ‹ውሃ ቢመጣ እዋኛለሁ› እያሉ ያሾፉብኛል።»

እትዬ ጠመኔ አሰበች። ሰውየውን በከንቱ ማንቀሳቀስ አንድ ጥፋት ነው። ዘግይቶ ማንቀሳቀስ ደግሞ ሌላ ጥፋት።

«ሦስት ሜትር ከሃምሳ ካለፈ አውጪያቸው። ከዚያ በታች ከሆነ አታሰቃዪያቸው። ገጹን እያየሽ ቆዪ፣ ሾፌሩንም ያዢው።»

«ገጹ እኮ አይከፈትም። ክብ ነገር ብቻ ነው የሚዞረው።»

ዞር ስትል ኢንጂነሩ ቆሞ ነበር። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ሲቆም ደግ አይደለም። ሬዲዮ ጣቢያው የገጹን አድራሻ በአየር ላይ ከተናገረ አምስት ደቂቃ አልሞላውም። አርባ አንድ ሺህ ሰው ባንዴ መጥቷል። አርባ አንድ ሺህ ሰው እያንዳንዱ የራሱ ገጽ እስኪጻፍለት ወረፋ ይዟል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ ያሰላል፣ ይጽፋል። መቶውን ሳይጨርስ ሌላ ሺህ ይደረብበታል።

«ዳታቤዙ ታነቀ» አለ ኢንጂነሩ። አንገቱ ሥር ላብ ይወርዳል። «አስር ደቂቃ ስጡኝ። አጥፍቼ ላስነሳው።»

አጥፍቶ አስነሳው። ተነሳ፤ በአሥራ አምስት ሴኮንድ መልሶ ወደቀ። ዳይሬክተሩ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም።

«ፋይሉን ላውጣው» አለች እትዬ ጠመኔ።

«የየሰፈሩ ስሌት ይጠፋል እኮ።»

«ስሌቱን አሁን ማን እያየው ነው?»

ኢንጂነሩ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወንበሩን በእግሩ ወደ ጎን ገፋና ቦታ ለቀቀላት። «ያውጡት» አለ፤ ድምፁ ብዙም አልወጣም።

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የጎብኚውን መንገድ ሁሉ ወደ ፋይሉ አዞረችው። አንድ ገጽ። አንድ ቁጥር። አናቱ ላይ ቀይ ሰዓት። አርባ አንዱ ሺህ ሰው ገጹን ተከፋፍሎ ወሰደው፤ ሰርቨሩ ትንፋሹ እንኳ አልጨመረም። ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ሲምዘገዘግ የነበረው የሰርቨሩ ጭነት መስመር ወርዶ ወለሉ ላይ ተኛ።

«አራት በመቶ!» ኢንጂነሩ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። «አራት በመቶ ብቻ! እትዬ፣ ልስምዎት?»

«ሥራህን ሥራ።»

ግን ደስታዋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ መዞር ነበረባት። ስልኳ ላይ የሚጡ መልእክት ገባ፦ «ተከፈተልኝ። 3.10 ይላል። እጅሽ ይባረክ።»

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት፣ የታደሰ፤ ሦስት ሜትር ከአስር። ሦስት ሰዓት፣ የታደሰ፤ ሦስት ሜትር ከአስር። ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ የታደሰ፤ ሦስት ሜትር ከአስር። ጥበቃው በር ላይ በከፈተው ሬዲዮ ጋዜጠኛው «አሁን በደረሰን መረጃ መሠረት ወንዙ ላለፉት ሠላሳ አምስት ደቂቃዎች ባለበት ቆሟል» አለ። ቢሮው እፎይ አለ። አንዷ ባልደረባዋ ጫማዋን አወለቀች።

ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ ሚጡ ጻፈች፦ «ቆመ አይደል? ሾፌሩን ሸኘሁት። አባባም ተኙ።»

እትዬ ጠመኔ መልእክቱን አንብባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሻይ ቀዳች። ግማሽ ሳትጠጣ እጇ ቆመ።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ፣ ውሃው እየጨመረ ባለበት ቀን፣ አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፋ አታውቅም። ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ባንዴ ቀጥ ብሎ አይቆምም። መጀመሪያ ይደክማል። ሃያ አምስት ሳንቲ ሲጨምር የነበረው አሥራ ሁለት ይጨምራል፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ሁለት። ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት፣ ዜሮ የሚባል ወንዝ የለም።

«አንተ፣ ጋሽ ሜትር መጨረሻ የላኩት መቼ ነው?»

ኢንጂነሩ ከስክሪኑ ሳይነቀል «ገጹ ላይ አለልዎት። ሦስት ሰዓት ከሃያ» አላት።

«እሱ ገጹ የተጻፈበት ነው። የተለካበት ሰዓት ነው የምልህ።»

ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ሮጡ፤ ከዚያ ቆሙ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አለ። «ከዚያ ወዲህ ምንም አልገባም።»

ሃምሳ ደቂቃ። ጋሽ ሜትር ዝም ብለዋል፣ ወይ መልእክታቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። የሷ ፕሮግራም ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ያንኑ የሞተ ቁጥር እያነሳ፣ በአዲስ ሰዓት እያለበሰ፣ «የታደሰው» እያለ ሲያወጣ ቆይቷል። ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ያዘዘችውን ነው የሠራው። ያን ቀይ ሰዓት ስትጽፍ የመለኪያው ሰዓትና የመጻፊያው ሰዓት ሁለት መሆናቸው አንድም ቀን በሐሳቧ አልመጣም። ሰሌዳው ላይ አንድ ነበሩ፤ እጀታው ጆሮዋ ላይ፣ ጠመኔው እጇ ላይ፣ ስትሰማ ትጽፋለች። ሥራውን ለፕሮግራሙ ስታስረክብ ጆሮዋን አብራ አለመስጠቷን አላወቀችም።

ሚጡ ጋ ደወለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አልቻሉም።» ደገመች። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» ከተማው ሁሉ እየደወለ ነው፤ መስመሩ ሞልቷል። ጋሽ ሜትር ጋ ደወለች። እሳቸውም የሉም።

«አሁን ስንት ሆኗል?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«ልገምተው እችላለሁ» አለ ኢንጂነሩ። «ያለፉትን ቁጥሮች ይዤ ሳሰላው ሦስት ሜትር ከሃምሳ ገደማ ይመጣል። እሱን እንጻፍ።»

«ያልለካነውን አንጽፍም።»

«እና ምን እንጻፍ? ‹አናውቅም› ብለን? እትዬ፣ አርባ ሺህ ሰው ነው! መንገድ ላይ ይረጋገጣል።»

«እስካሁን የጻፍኩት ምን ሆነና? ሦስት ከአስር ብዬ አስተኝቼዋለሁ። ግምትህ ካነሰ ሁለተኛ እናስተኛዋለን። ከበዛ ደግሞ ነገ የሚያምነን የለም።»

«ሰፈር እንዲለቁ ማዘዝ የዳይሬክተሩ ሥልጣን ነው።»

«ማን ልዘዝ አለ? የማውቀውን ነው የምጽፈው።»

ተቀምጣ በእጇ ጻፈች። «3.10 የተለካው 2:30 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አልተለካም፤ መስመር ተቋርጧል። ሲቋረጥ ውሃው በየግማሽ ሰዓቱ 25 ሳንቲ ሜትር እየጨመረ ነበር። እስካሁን ‹የታደሰው› የሚለው ሰዓት ስህተት ነው።» ሦስት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ ፋይሉን አስቀመጠች። ከራሷ ስልክ ከፍታ አየችው፤ ወጥቷል። እንደገና ሚጡ ጋ ደወለች። አልሠራም። ገጹን ደግማ ስታድሰው አናቱ ላይ በቀይ «የታደሰው 3:25» ይላል። ከሥሩ፦ ሦስት ሜትር ከአስር።

«ደመሰሰብኝ!» ብላ ጮኸች። «ፕሮግራሙ! አምስት ደቂቃው ሞልቶ ጻፈበት!»

«በየአምስት ደቂቃው የሚያስነሳውን ሰዓት መቁጠሪያ ያጥፉት!»

«የት ነው ያለው? ወደ አዲሱ ሰርቨር ያዛወርከው አንተ ነህ!»

ኢንጂነሩ ወንበሯን ከነ እሷ ገፍቶ ኪቦርዱን ያዘ። አንድ ጊዜ ተሳሳተ። ሁለተኛው ላይ ፕሮግራሙን ገደለው። እትዬ ጠመኔ በትከሻው ላይ ተንጠራርታ ጽሑፏን እንደገና ለጠፈች። ሦስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ። ሁለቱም ሦስት ሰዓት ተኩል እስኪያልፍ ጠበቁ። ገጹ አልተነካም።

ከዚያ ኢንጂነሩ የጎብኚውን ቁጥር ከፍቶ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ስንት ነው?»

«ሦስት ሺህ።»

ማብራሪያ አላስፈለጋትም። አርባ አንዱ ሺህ ሰው «ቆመ» የሚለውን አይቶ ስልኩን ኪሱ ከቷል። አሁን እውነቱ ገጹ ላይ አለ፣ የሚያየው ግን የለም። የፋይልም ሆነ የሰርቨር ገጽ፣ የሄደን ሰው ሮጦ እጁን አይዝም። ሚጡም ስልኳን አስቀምጣለች።

የቢሮውን የመስመር ስልክ አነሳች፤ ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ደወለች።

«እኔ ከወንዙ መሥሪያ ቤት ነኝ። ያ ቆሟል ያላችሁት አልቆመም።»

«እንዴት አልቆመም?» አለ ጋዜጠኛው። «እኔ እኮ ከእናንተ ገጽ ነው ያነበብኩት። ሦስት ጊዜ! የታደሰው ይላል!»

«ስህተት ነው።»

«የማን?»

«የኔ።»

«ይህን እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? አሁን ቆመ ብዬ አሁን አልቆመም ልል ነው? ራስዎ ይናገሩ። ዘፈኑን ቆርጬ አስገባዎታለሁ። አሁን!»

«አሁን?»

«ገብተዋል፤ ይናገሩ።»

ሕይወቷን ሙሉ ማይክሮፎን ፊት ቆማ አታውቅም። ምላሷ ተሳሰረ። «የ... የታችኛው ሰፈር ሰዎች» አለች። «ድልድዩ ላይ ውሃው ከሁለት ሰዓት ተኩል ወዲህ አልተለካም። ገጹ ላይ ያያችሁት የቆየ ቁጥር ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እየጨመረ ሳለ ነው የተቋረጠው። እየጨመረ... እየጨመረ ነበር። የማይንቀሳቀስ ሰው ያለበት ቤት አይጠብቅ። ይኸው ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ ኢንጂነሩ አፉን ይዞ ያያታል። «‹አይጠብቅ› ብለው አዘዙ እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

ታችኛው ሰፈር የሆነውን በኋላ ነው የሰማችው። ሚጡ ጓሮ ነበረች። አልጋቸው አጠገብ ሬዲዮ ከፍተው የተኙት ሽማግሌ «አንቺ! አንቺ ልጅ! ይቺ እህትሽ አይደለችም?» ብለው ቤቱን በጩኸት አናጉት። ሚጡ ሮጣ ስትገባ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰማች። ፒክአፑ ከሄደ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፎታል፤ የሾፌሩ ስልክ አይገባም። መንገድ ላይ ወጥታ ጮኸች። ብሎኬት ከሚሠሩት ጎረቤቶቿ ሦስት ጎረምሶች የእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ፤ ሲሚንቶ የሚያመላልሱበት፣ አንድ ጎማው የጎበጠ ጋሪ። ሽማግሌውን ከነፍራሻቸው አንስተው ጫኗቸው። ዳገቱ ድንጋይ ንጣፍ ነው። ጋሪው በነጠረ ቁጥር ሽማግሌው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። መሃል ላይ አንድ ነገር ውስጣቸው ቋ ሲል ሚጡ ሰማች። «ቀጥሉ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀልድ አልወጣቸውም።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የመስመር ስልኩ ጮኸ።

«አንቺ ጠመኔ!» ጋሽ ሜትር ነበሩ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የሞባይል ማማው ወደቀ መሰለኝ፤ አንድም አልሄደልኝም። ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ከሰባ አምስት ነበር። ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ አራት ሜትር ከአምስት። ከዚያ አልቻልኩም፤ በእግሬ ወጣሁ። ከወፍጮ ቤት የመስመር ስልክ ነው የምደውለው። ሰው አወጣችሁ?»

«እየወጣ ነው፣ ጋሽዬ።»

«እየወጣ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ልጄ፣ አምስት ሰዓት ከአስር ላይ እናንተ ጋ ነው!»

ጻፈችው። 4.05፣ የተለካው 3:10። ይህን ጊዜ ሰፈር መልቀቂያ ትዕዛዙ ከማዘጋጃ ቤቱም መጣ። ውሃው ታችኛው ሰፈር የገባው አምስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሚጡ ቤት መስኮት ድረስ ደርሶ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም።

ዳይሬክተሩ ሪፖርት ጠየቁ። «የኔትወርክ መቆራረጥ ብለሽ ብትጽፊው ይበቃል፤ ሐሰትም የለበትም» አሏት። ኔትወርኩ መቆራረጡ እውነት ነው። እሷ ግን ገጹ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ምን ሲል እንደነበረ፣ ፕሮግራሙን ማን እንደጻፈውና ሰዓቱ የምን ሰዓት እንደነበረ በሁለት አንቀጽ ጽፋ ፈረመች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ኢንጂነሩ ለየሰው ገጽ የሚጽፈውን ሥርዓቱን ለአዘቦት ቀን ተወው፤ ከሦስት ሜትር በላይ ሲሆን ሁሉም ወደ ፋይሉ እንዲዞር አደረገ። ፋይሉ አሁን የሚያሳየው የተለካበትን ሰዓት ብቻ ነው። አርባ ደቂቃ ካለፈው ቁጥሩ ራሱ ከገጹ ይጠፋና «አልተለካም» የሚል ይቀራል። ሁለቱ ይህን ሲሠሩ ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ፤ ኢንጂነሩ ቁጥር የሌለው ገጽ ሰው ያስደነግጣል ብሎ ነበር። «ይደንግጥ» አለችው።

ሽማግሌው ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ብረቱ ተንሸራቶ አጥንቱን ሰንጥቆት ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለ ድጋፍ አይቆሙም አለ። በፒክአፑ፣ በፍራሽ ላይ፣ በቀስታ ቢወጡ ኖሮስ? ሚጡ ሐኪሙን ይህን ጠየቀችው። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። ትከሻ መስበቁ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም እህትማማቾች ገብቷቸዋል።

ሚጡ አኮረፈች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ቤቷ ደርቆ ስትመለስ እትዬ ጠመኔ በየሁለት ቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትሄዳለች። ሚጡ በር ትከፍታለች፣ ወደ ማድ ቤት ትገባለች፣ እስክትሄድ አትወጣም። እትዬ ጠመኔ ከሽማግሌው ጋር ትቀመጣለች። አንድ ቀን እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሬዲዮ ላይ ስትንተባተቢ ሰማሁሽ» አሏት። «የምትንተባተብ ሴት አትዋሽም ብዬ ነው የተነሳሁት። አንደበትሽ ቢቀና ኖሮ እተኛ ነበር።» ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተረኛ ያልሆነችበት ቀን፣ ከባድ ዝናብ ጣለ። እትዬ ጠመኔ ጃንጥላዋን በር ላይ እያራገፈች ሳለ ሚጡ ከማድ ቤት ወጣች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መሃል ቤት ቆመች።

«ስንት ነው?» አለች።

እትዬ ጠመኔ ስልኳን አወጣች። «ሁለት ከሰማንያ።»

«ስንት ሰዓት ላይ የተለካ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ሚጡ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ከሃያ ይላል።

«የሚቀጥለውስ?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ።»

ሚጡ ወደ መስኮቱ ሄዳ ዝናቡን አየች። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ሆነው አንዴ ትልቋን አንዴ ትንሿን ይመለከታሉ።

«እስከዚያ ተቀመጪ» አለች ሚጡ፣ ሳትዞር፣ በእግሯ ወንበር እየገፋችላት።